ሲቆም የሚበርድ፣ ሲሄድ የሚግል ጂፕ

ሰኞ
ፊውዙ ዛሬም ተቃጠለ። ጓደኛዬ ሰይድ ጂፑን ሥራልኝ ሲለኝ እንቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ የቤት መብራት ሠራተኛ ነኝ፤ እዚህ ዓረብ አገር፣ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ሶኬት እቀጥላለሁ፣ ኤሲ እሰቅላለሁ። መኪና የማውቀው በተሳፋሪነት ነው። እሱ ግን «ኤሌክትሪክ ያው ኤሌክትሪክ ነው፣ ወንድሜ» ብሎ ሽቦውን እጄ ላይ ጣለው።

ጂፑ ከከፊሉ፣ ከአሠሪው፣ የተሰጠው ነው፣ ዕድሜውን በረሃ ላይ የፈጀ። በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ቬንትሌተር፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ክንፉ ተሰበረ፣ ምትኩም ጠፋ። ስለዚህ ከአሮጌ መኪና መፍቻው ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ቬንትሌተር ገዝቶ መጣ። ሶኬቱ ተቆርጧል፤ ሁለት ሽቦ ብቻ፣ ሁለቱም ጥቁር። የቱ ፖዘቲቭ፣ የቱ ኔጋቲቭ?

እናቱ እማማ ሀዋ ረቡዕ ከአገር ቤት፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ይገባሉ። ሐሙስ ለዑምራ መካ ሊወስዳቸው ነው። በታክሲ ውሰዳቸው ስለው ተቆጣ። «ስንት ዓመት ጠብቃኝ መጥታ ለታክሲ ነጂ ላስረክባት?»

ማክሰኞ
ሪሌ የሚሉትን ማብሪያ አስገባሁበት፣ ወፍራም ሽቦም ቀየርኩ። ፊውዙ ቻለ። ቬንትሌተሩን ራዲያተሩ ላይ በብረት አሰርነው። ቁልፉን ስናዞር እንደ አውሮፕላን ጮኸ። ሰይድ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ። ዞረ፤ ከዞረ በቃ መሰለኝ።

ሰቢል ሰፈር ውስጥ በመኪና ጭንቅንቅ መሀል ስንጎተት አመሸን። የሙቀት ጌጁ ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

ረቡዕ
እማማ ሀዋ ገቡ። ቀጭን፣ ቀልደኛ። አንገቴ ላይ ማተቤን አይተው ፈገግ አሉ። «መኪናውን የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ ስል ደነገጥኩ። ሠርቼዋለሁ እንዴ?

ሐሙስ


ከሰዓት በኋላ ወጡ፣ ሰይድ ነጩን የዑምራ ልብስ፣ ኢሕራም፣ ለብሶ። ብዙም ሳይቆይ ደወለ። አውራ ጎዳናው ላይ ፍጥነት ሲጨምር ጌጁ ቀዩ ውስጥ ገባ። ዳር ይዞ ቆመ፤ ሞተሩ እንደበራ ወረደለት። ሲነሳ እንደገና ጋለ። ሲቆም በረደ።

ግራ ገባኝ። መኪና ቆሞ ይግላል፣ ሲሄድ ንፋስ ያገኛል፤ ይኼን ሕፃንም ያውቃል። ይኼኛው የተገላቢጦሽ ነው። ውሃ? ሙሉ ነው። ቬንትሌተሩ? ይዞራል። ታዲያ ምን?

ልምጣ አልኩት። «መግባት አትችልም» አለኝ። ለካ የመካን በር አልፈዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ከዚያ በር አላልፍም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሰይድ ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ «ኢሕራም ላይ ሆኜ ነው እንጂ ዛሬስ ሰድቤህ ነበር!»

ከወዲያ የእማማ ሀዋ ድምፅ መጣ። «ኧረ ይኼ መኪና ፊቴን ለበለበኝ!»

የት ጋ ናቸው? አልኩት። ከጂፑ ፊት ለፊት ቆመዋል አለኝ።

ከፊት? ቬንትሌተሩ ከፊት ንፋስ መሳብ እንጂ ወደ ፊት መትፋት አልነበረበትም። የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ ራዲያተሩ ያስጠጉ አልኩ። ጨርቁ ወደ ውጭ ተገፋ። ያን ጊዜ ገባኝ። በግልባጭ እየዞረ ነው! መኪናው ሲሮጥ ከፊት የሚመጣውን ንፋስ እየተጋፋ ይመልሰዋል። የቤት ማራገቢያ ሁለቱን ሽቦ ብታቀያይርበትም ወደዚያው ይዞራል። የመኪናው ግን ሽቦው ከተገለበጠ ዙሩም ይገለበጣል።

ሞተሩን አጥፋ፣ ባትሪውን ፍታ፣ ሁለቱን ጥቁር ሽቦ አቀያይር አልኩት። በነጭ ልብስ፣ ኮፈን ከፍቶ! ሲያበራው እማማ ሀዋ ጮኹ። «ሻርፔን ሊውጥብኝ ነው!»

ተነሱ። እየሄደ ጌጁ ወረደ አለኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ዓርብ
ስልኩ አይሠራም። ደግሜ ደግሜ ደወልኩ። ምናልባት ያ ሁሉ ግለት የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አጣሞት ይሆን? ምናልባት አሮጊቷ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ ቦታ ሶኬት ገልብጬ ገጠምኩ፣ የቤቱ ማዳም ጮኸችብኝ።

መካ ውስጥ ላለ ጂፕ ለማርያም ተሳልኩ። ይኼ ጸሎት ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ
ደወሉ! ሰይድ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ረስቶ ነው። ዑምራው አልቋል። ጂፑ ቆሟል፣ ውሃ ያንጠባጥብ እንደሆነ ገና አላየም። ነገ ሲመለሱ ይታያል። ይመልሳቸው ይሆን? አላውቅም።

እማማ ሀዋ ስልኩን ተቀበሉት።

«እዚያ መስጊዱ ውስጥ ቆሜ ስምህን ጠርቼ ዱዓ አደረግኩልህ፣ ልጄ።»

ምን እንደሚባል አላውቅም። አሜን አልኩ። ይባላል?

«ለናትህም ልለምንላት ብዬ ስሟን አጣሁት። ማን ነው?»

የእናቴን ስም የሚጠይቀኝ ሰው ካጋጠመኝ ቆይቷል። ካረፈች ወዲህ እኔም ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

«አስካለ» አልኳቸው።

«አስካለ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እየደጋገምኩ ልያዘው ታዲያ፣ ለመግሪብ ሶላት እስክወጣ እንዳልረሳት።» ስልኩን ሳይዘጉት፣ እየራቁ፣ ደጋግመው ሲጠሯት ሰማሁ።