አባባ አቁስለው ያመለጣቸው ተርኪ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለኬንደል፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ የአላስካ ባሕር ቅዝቃዜው በረታብህ ወይስ ለመድከው? የትከሻህ ሕመምስ ለቀቀህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በቡና ብቻ ነው ውለህ የምታድረው? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ራስል ደህና ነው፤ ልጃችን ሻና በቁመት በልጣኛለች፤ እኔም የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ በዚያው ጎርበጥባጣ መንገድ እያንገጫገጭኩ አለሁ። አባባም መዥገሩን ካልቆጠርነው ደህና ናቸው። ዘንድሮ ብርዱ ስላልጠናበት መዥገሩ እንደ ጉድ ፈልቷል።

ባለፈው ስትደውል እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሳይጎዱ ጠመንጃውን ውሰጅባቸው ያልከኝን አልረሳሁም። አንተ ከሩቅ ባሕር ላይ ሆነህ ማዘዙ ቀላል ነው፤ በድመቷ አንገት ላይ ቃጭሉን የማስረው ግን እኔ ነኝ። ደግሞ አባባ ለራሳቸው ያወጡትን ሕግ ታውቃለህ። ያቆሰልኩትን ወፍ ፈልጌ ያጣሁ ቀን ጠመንጃዬን እሰቅላለሁ፣ ዳግመኛም አልነካትም ይላሉ። አያታችንም አደን ያቆሙት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ያ ቀን ራሱ ይፍረድ ብዬ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ያለፈው ቅዳሜ ቀኑ የደረሰ መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል ከጅረቱ በላይ ካለው ትልቁ የባሉጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አባባ ያቺን የእንጨት ሳጥናቸውን እየፋቁ እንደ ሴት ተርኪ ዶሮ ያስጮኋት ጀመር። እጃቸው ጠመንጃ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ እንጂ ሳጥኗ ላይ ስህተት አያውቅም፤ እኔ ራሴ ሴቷ ከኋላዬ ያለች መስሎኝ ዘወር ልል ነበር። አውራው ተርኪ ከሸንተረሩ ላይ መለሰላቸው። እየተንጎራደደ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ። አባባ ተኮሱ፤ ወፉም ተገለበጠ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተርኪ ወደቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለምና፣ የተኮሰው ሰው ወዲያው ሮጦ አንገቱን በእግሩ ይረግጣል። በእኛ ቤት ደግሞ ተኳሹን ማንም አይቀድመውም። እኔ ልነሳ ስል አባባ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ጉልበታቸው ግን እሺ አላላቸውም። ዛፉን ተደግፈው፣ አንዱን እግር አስቀድመው ሌላውን እየጎተቱ እስኪነሱ ድረስ ወፉ ቀድሟቸው ተነሳ። አንድ ክንፉን እያንጠለጠለ በቁልቁለቱ ነካው። ሁለተኛ ሊተኩሱ ሲያነጣጥሩ ጫካው ዋጠው።

አባባ አልተቆጡም፤ ፊታቸው ብቻ አመድ መሰለ። ቆባቸውን አውልቀው ወፉን መጨረሻ ባየንበት ቦታ ለምልክት ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ብታይ ኖሮ ስለ እርጅናቸው ያን ያህል ባልተናገርክ። ተርኪ እንደ አጋዘን አይደማም፤ ደሙን ላባው ይጠጣዋል። የሚፈለገው የተገለበጠ ቅጠል ነው፤ የደረቀው ቅጠል ከላይ ግራጫ ሆኖ ሳለ ሲገለበጥ ሥሩ እርጥብና ጥቁር ነው። አባባ አንዳንዴም በእንብርክክ እየሄዱ ያንን ጥቁር ከቅጠል ቅጠል ለቀሙት። እኔን በዱካው ጎን እንጂ በላዩ እንዳልሄድ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብረግጠው፣ “አውቶቡስሽን ወደዚያ አድርጊልኝ” አሉኝ። ቀልዳቸው ስላልጠፋ ትንሽ ተጽናናሁ።

ጅረቱ ዳር ጭቃው ላይ ዱካውን በደንብ አገኘነው፤ ሦስቱ ጣቶች፣ ከጎናቸውም የተሰበረው ክንፍ የጠረገው መስመር። ዱካው ጅረቱን ተሻግሮ ከሽቦው አጥር ላይ አደረሰን። እሾሁ ላይ የደረት ላባ ተሰክቷል። ከማዶ ያሉት ዛፎች ግን ግንዳቸው ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብቷል።

መሬቱ የጋሽ ሆሊስ ነው። በእኛ አገር ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ዛፍ እንዳትገባ ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ቀለሙ የተቀባው ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ስለሆነ አላየኸውም። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሸንተረር አብረው ሲያድኑ ኖረው፣ ቀለሙን ካዩበት ቀን ጀምሮ አባባ የሰውየውን ስም አንስተው አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄዱ ጋሽ ሆሊስ ባሉበት በኩል አይቀመጡም።

እኔ ማን ያየናል፣ ሾልኬ ልግባና ፈጥኜ ልፈልገው አልኳቸው። የሰው አጥር ዘልዬ ያገኘሁት ወፍ እንዳልተገኘ ነው አሉኝ። እንግዲያው ልሂድና ላስፈቅድ አልኳቸው። ላባውን ከሽቦው ላይ ነቅለው በጣታቸው ሲያሻሹት ቆዩ። ወፉን ትተው ከተመለሱ ጠመንጃቸውን መስቀላቸው ነው፤ ከሄዱ ደግሞ ያንን በር ማንኳኳታቸው ነው። በመጨረሻ፣ “ያቆሰልኩት እኔ ነኝ፤ ልመናውም የእኔ ነው” አሉና ጠመንጃውን ከእኛ በኩል ካለው ዛፍ ላይ አስደገፉት። ጠመንጃ ይዞ ፈቃድ አይጠየቅም።

ጋሽ ሆሊስ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አባባ በመንገድ ሲያዘጋጁት የመጡትን ንግግር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በጨዋ ደንብ ተናገሩ። ጋሽ ሆሊስ ጆሯቸውን አስጠጉና ምን አልክ አሉ፤ ለካ ጆሯቸው ከድቷቸዋል። አባባ ደገሙላቸው፤ አሁንም አልሰሙም። በሦስተኛው አባባ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ ተርኪ አቁስዬ መሬትህ ገብቶብኛል፣ ልፈልገው ፍቀድልኝ ብለው ጮኹ። ስንት ዓመት የተጠበቀ ኩራት በአንድ ጩኸት አለቀ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ጫማዬን ሳይ ነበር።

ጋሽ ሆሊስ፣ “ይኸን ሁሉ ዓመት መጥተህ ለምን ቀባኸው እንድትለኝ ስጠብቅህ ነበር” አሉ።

“ለእኔ ነው እንዴ የቀባኸው?”

“ለአንተ ነው እንጂ። ጸደዩን ሙሉ ያባበልኩትን ተርኪ በገዛ ሸንተረሬ ላይ ከአፌ ነጠቅከኝ። መጥቶ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አንተ ሆዬ እንደ ልጃገረድ አኮረፍክ።”

አባባም፣ “ያ ተርኪ እኮ ሥጋው ጎማ ነበር” አሉ።

“ይበልህ” ብለው ጋሽ ሆሊስ ቆባቸውን አነሡና ከፊታችን ወረዱ።

ፍለጋው ላይ ሁለቱ አልተስማሙም። አባባ ጅረቱን ይዞ ወርዷል ሲሉ፣ ጋሽ ሆሊስ ደግሞ የቀድሞ ዓመት በረዶ የጣለው ዛፍ ሥር ነው የገባው አሉ። መሬቱ የእሳቸው ነውና እሳቸውን ተከተልን። ከተከመረው ቅርንጫፍ አጠገብ ስንደርስ አባባ እጃቸውን አነሡና አስቆሙን። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ጋሽ ሆሊስማ ጭራሽ። አባባ ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምተዋል። ጎንበስ ብለን ብናይ ራሱን ደብቆ ጅራቱን የረሳ አውራ ተርኪ! ጋሽ ሆሊስ በሆዳቸው ተስበው ገቡና ሁለት እግሩን ጨብጠው ጎተቱት፤ በደህናው ክንፉ ፊታቸውን በጥፊ አጮላቸው። ሲወጣ አባባ ማንንም ሳይጠብቁ አንገቱን ረገጡ። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች መሬት ላይ ዘጭ ብለው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ሳቁ።

ወፉ ተገኝቷልና የአባባ ሕግ አልያዛቸውም። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን ቅር ቢልህም ደስ አለኝ።

ወፉን ቤት ወስደን፣ ለጋሽ ሆሊስ እኩሌታውን ከመላካችን በፊት አባባ ላባውን ነጩት። ቆዳው ሲገለጥ ጠሩኝና አሳዩኝ። መመታት የነበረበት ራሱና አንገቱ ላይ አንድም የጥይት እርሳስ የለም፤ ሁሉም ክንፉና ጀርባው ላይ ነው። “አልጠፋብኝም፤ ግን በእኔ እጅ ምክንያት ረፋዱን ሙሉ ተሰቃየ” አሉ። እጃቸውን ታጥበው ጠመንጃውን ወለወሉ፣ ዘይት ቀቡት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ማንም አላዘዛቸውም። ከእንግዲህ እሳቸው ሊያስጮኹና ሊሰሙ፣ ጋሽ ሆሊስ ሊተኩሱ ተስማምተዋል፤ ከሁለቱ አንድ ደህና አዳኝ ይወጣል ይላሉ።

እኔም ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ለካ አንተ በስልክ ያልከኝን ሁሉ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። “ለኬንደል ጻፊለት” አሉኝ። “ጠመንጃው የእሱ ነው። ግን በእህቱ አልክለትም፤ መጥቶ ከእጄ ይቀበል።”

ወንድም ጋሼ፣ ናፍቀውሃል። በአፋቸው አይሉትምና እኔ ልበልልህ። እኔም ናፍቀኸኛል።

ራስል የዓሣ መረቡ እጅህን እንዳይበላው ተጠንቀቅ ይልሃል። ሻና ጉንጭህን ትስማለች፣ የዓሣ ነባሪ ፎቶግራፍም ትፈልጋለች። ጋሽ ሆሊስ እንዴት ነህ ብለውሃል፤ መልሱን ጮክ ብለህ ጻፍ። አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው ተነሥተው ወጡ። ኋላ ባይ የክፍልህን አንሶላ አጥበው ገመድ ላይ ሊያሰጡት ነው፤ በዚያ እጃቸው የልብስ መቆንጠጫው አልያዝ ብሏቸው ሲታገሉ አየኋቸው።

እህትህ ሮንዳ
ኮፐር ሆሎ፣ ሚዙሪ
ሜይ 6 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.