ያልተጠራው «ቤቶች!»

ውድ አዴ አስትሪድ፣

ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ደህና አይደለሁም። ባለቤቴ ጋዲሴ በጥር አረፈች። ለቅሶ ደራሹ ቤቴን ሞልቶት ሰነበተ። ሰው ባይኖር ኖሮ ያን ሐዘን አልችለውም ነበር። ያኔ ነው እርስዎን የነሳሁዎት ነገር የገባኝ።

በ2007 ከኖርዌይ መጥተው በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምሩ አስተርጓሚዎ እኔ ነበርኩ። አማርኛም ያስጠናሁዎት እኔ ነኝ። «እንግዳ ደጅ ቆሞ 'ቤቶች!' ሲል ምን ይባላል?» ስልዎት፣ «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» ይሉ ነበር፤ ያውም ጮክ ብለው። ቅዳሜ ከሰዓት በርዎን ገርበብ አድርገው፣ ሻይ ለሁለት ሰው አፍልተው ይቀመጣሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጎረቤት አልመጣም። ሊሄዱ ሲሉ «ሌንጂሳ፣ ምን በድያቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ ምንም! ሰው ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩዎት።

ዋሽቼዎት ነው።

በመጡ በወሩ ታይፎይድ ሲጥልዎት ሰፈሩ ሊጠይቅዎት ግልብጥ ብሎ መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ «ፈረንጅ ብቻውን መሆን ነው የሚወደው፤ አትረብሿት» ብዬ መለስኳቸው። ያዘንኩልዎት መስሎኝ ነበር። ግን ልናዘዘው፤ እርስዎ ዘንድ የምገባው እኔ ብቻ መሆኔ ደስ ብሎኝም ነበር። ሲድኑም ቃሌን አላነሳሁም። እነሱም አመኑኝ።

ባለፈው ሳምንት የአጥር ጎረቤትዎን እትዬ ካሰችን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ያ ዋቅ! አንተ ጉደኛ!» ብለው ጮሁብኝ። «በየፋሲካው ዳቦ ይዤ እበሯ ድረስ ሄጄ ስመለስ! እሷ ሰው አትወድም እያልኩ! ሃይማኖት ቢለያይ ጉርብትና ይቀራል እንዴ?»

እያለቀሱ ከቤታቸው አስወጡኝ። በማግስቱ ግን እደጄ መጥተው ቆሙ። «ስልኳ አለህ?» አሉኝ። ገና ተቆጥተው ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም ይቅር ይበሉኝ። የእኛ ፋሲካ ዕለት ከሰዓት ስልክዎ ይጠራል። የምደውለው እኔ አይደለሁም፤ አስተርጓሚም አያስፈልግም። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። መልሱን ያውቁታል።

በርዎን የዘጋሁት፣
ሌንጂሳ
አምቦ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም.