«አንቺ» የተባለችው ጥንቸል

ከሚሴ፣ ጥቅምት 1959 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዘይና፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ሆድሽስ ገፋ? ባልሽ ጀይላን፣ አማትሽ፣ የባቲ ሰው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

«ልጄ» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም አለ። በአፌ ብዬሽ አላውቅም። ወረቀት ግን ዐይን የለውም፤ አያሳፍርም። ስለዚህ አልሰርዘውም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ያስቆጠርሽኝ አንቺው ነሽ። ጉንጭሽን ነፍተሽ፣ እንደ መምህር ጣትሽን እየቀሰርሽ፣ «ሀ ይበሉ፣ እትዬ» ትይኝ ነበር።

ሹፌሩ ፈረጅ መልእክትሽን አድርሶኛል። «እትዬን ማስቸገር አልፈልግም፤ እዚሁ አማቴ ዘንድ እወልዳለሁ ብላለች» አለኝ። እሺ አልኩት። ዱቄት እየነፋሁ ነበር፤ መንፋቴን ቀጠልኩ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወንፊቱን አስቀምጬ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ መልእክትሽ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

እኔ አባትሽን አግብቼ ስመጣ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ከሞተች ገና ብዙ አልቆየም። እኔ ከተራራዋ መንደር ከሾንኬ፣ የሸማኔ ልጅ፣ እንዝርቴን ይዤ ወረድኩ። በዚያው ሳምንት አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ከጡጫ የማትበልጥ የጥንቸል ልጅ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። አንድ አፋር ከብት ሲሻሻጡ «ለልጅህ» ብሎ ሰጥቶት ነው። ቤቱ በአንድ ሳምንት ሁለት እንግዳ ተቀበለ፤ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነበርሽ።

እውነቱን ልንገርሽ? በጥንቸሏ ቀናሁ። ትልቅ ሰው በጥንቸል ሲቀና! ያረጀውን እንቅብ ከጎታው ኋላ በጎኑ አጋደምሽላት፤ «በር አጠገብ ከሆነ ትደነግጣለች» ብለሽ። ድመቷን አውጥተሽ ለጎረቤታችን ለፋጡሜ ሰጠሽ። አባትሽ ጮክ ብሎ ሲስቅ እንኳ «ቀስ!» ትይው ነበር። ቀላ ስለምትል በኦሮምኛ ዲማ አልሻት። እኔ ከጎታው ፊት ለፊት እንዝርቴን እያሾርኩ፣ ለእኔስ «ቀስ» የሚል ማን አለ እላለሁ። የሰው ቤት፣ የሟች ዕቃ፣ የማትለምደኝ ልጅ።

ከዚያ ዲማ ወተት አልጠጣም አለች። ዳር ዳር ስትይ ቆይተሽ መጣሽና «ጥጥ ይሰጡኛል?» አልሽኝ። ከሰላምታ ሌላ የተናገርሽኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ባዘቶዬን በሙሉ አንሥቼ ሰጠሁሽ። ሳቅሽ።

«ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል? ትንሽ ጫፍ ይበቃል።»

ጫፉን የፍየል ወተት እየነከርን አጠባናት። ልዳብሳት እጄን ስዘረጋ ግን ያዝሽኝ።

«አይንኳት፤ አይመልከቷትም። እጅዎን መሬት ላይ አድርገው ዝም ይበሉ። ራሷ ትመጣለች።»

ከዚያ ወደ እንቅቡ ጎንበስ ብለሽ፣ እናትሽ ስትጠራሽ በነበረው በኦሮምኛው፣ «ኮቱ፣ ዲማ፣ ኮቱ» አልሻት። «ነይ» ማለት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። «አንቺ ፈሪ! አንቺ ሞኝ! ማን ይበላሻል?»

ጥንቸሏ አንቺ፣ እኔ አንቱ።

አንቱ ክብር መሆኑን አጥቼው አይደለም። አባትሽ አዝዞሽ ነው፤ አንቺም አንድ ቀን አልሳትሽም። ግን በአጥሩ ማዶ የፋጡሜ ልጆች «እማ! አንቺ! ራበን እኮ!» እያሉ ሲጮኹባት እሰማለሁ። እናት እንዲህ ነው የምትጠራው። እኔ ደግሞ በክብር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ዝም ካልኩ፣ እጄን መሬት ላይ ካደረግኩ፣ ራሷ ትመጣለች ብዬ።

መጥተሽም ነበር። ዲማ የጠፋች ቀን፣ ታስታውሺዋለሽ? ከትምህርት ቤት ገብተሽ እንቅቡን ባዶ ስታዪ፣ ሮጠሽ ቀሚሴን ይዘሽ፣ «አንቺ! የት አደረግሻት? አንቺ ነሽ በሩን የከፈትሽው!» አልሽኝ። ባልሠራሁት ነው የተቆጣሽኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ልጅ እንዲህ የምትቆጣው እናቷን ነው። አፌን ሳልከፍት አባትሽ ለሶላት ውዱእ ከሚያደርግበት ጮኸ።

«ዘይና! አንቱ በይ! ማንን ነው አንቺ የምትይ?»

ቀሚሴን ለቀቅሽ። «ይቅር ይበሉኝ» አልሽ።

ዲማ ከባዘቶ ቅርጫቴ ውስጥ ተኝታ ተገኘች። እሷስ ለምዳኝ ነበር።

«ተዋት፣ እንደሱ ትበለኝ» ማለት ነበረብኝ። ይህችን ታህል ነገር ናት። አዲስ ሙሽራ ባሏን በልጁ ፊት አትቃወምም ብዬ ዋጥኳት፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች። ከዚያ ወዲያ አንቺ ብለሽኝ አታውቂም። ዲማ ስትሞትም አንቺ ጓሮ፣ እኔ ጎታው ኋላ፣ ለየብቻ አለቀስን። የሠርግሽ ዕለት መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብለሽ «ደህና ይሁኑ፣ እትዬ» አልሽኝ። እኔም «አላህ ከአንቺ ጋር ይሁን» አልኩና መንገዱ አቧራ እስኪሆን ቆሜ ቀረሁ።

የወለድኩት የለኝም፤ ታውቂያለሽ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ይህ ቤት የእኔ ብቻ መስሎሽ ይሆናል። የእኔ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንቺ ከሌለሽበት እኔም እንግዳ ነኝ።

ስለዚህ ስሚኝ። ከጎታው ኋላ ያለውን ጠርጌ አልጋ አስገብቻለሁ፤ ከበሩ የራቀ ነው፣ ነፋስ አያገኝሽም። ለሕፃኑ መጠቅለያ የሚሆን ፈትዬ፣ ሾንኬ ልኬ አሠርቻለሁ። ፋጡሜንም «ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ» ብያታለሁ። አላፈጥብሽም፤ አልነካካሽም፤ «ብዪ፣ ጠጪ» እያልኩም አላስጨንቅሽም። በእርግጥ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል መጠበቄን እንጃ።

ፈረጅ ሰኞ ለገበያው ባቲ ይመጣል፤ ሲመለስ ከጎኑ ያለውን ወንበር ይዞልሻል። ካልመጣሽም አልቀየምም። ውሸቴን ነው፤ እቀየማለሁ።

ከመጣሽ ግን በር ላይ ክብር አታብዢብኝ። እንደዚያን ቀኑ ቀሚሴን ያዢና «አንቺ! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» ብለሽ ተቆጪኝ። የሚከለክልሽ የለም። እኔ እጄን መሬት ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ኮቱ፣ ልጄ። ኮቱ።

እናትሽ
ሸሪፋ