በመርከብ ግቢው በር ላይ የተናገርከው

ውድ ክሊፍ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ ያለዚያ ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ እህትህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

በሚያዝያ በድሮው የመርከብ መሥሪያ ግቢ በር ፊት ለፊት መታሰቢያ ድንጋይ ይቆማል። በሥራ ማቆም አድማው ጊዜ እስከ መጨረሻው የቆሙትና ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወንዶች ስም ይቀረጽበታል። የባሌ የሬጂም ስም አለበት። ከስሞቹ በላይ ደግሞ አንተ በሩ ላይ የተናገርከው ንግግር እንዲጻፍ፣ ከሥሩም ያንተ ስም እንዲገባ ኮሚቴው ወሰነ። ድንጋይ ጠራቢው ቃሉን እየጠበቀ ነው። ችግሩ፣ ንግግሩን ሙሉውን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ስንጨቃጨቅ ብታየን ትስቅ ነበር። ሰብሳቢያችን ዶሪን ናት፤ ባሏ ከሬጂ ጋር አብሮ ይሠራ የነበረው።

"መጀመሪያው 'ዛሬ እዚህ በር ላይ የቆመ' የሚለው ነው" አለች።

"ኧረ 'ጭቃው ይመስክር' ነው የሚቀድመው!" አለ አልፍ፣ ያ ብየዳ ክፍል የነበረው።

"አንተ ደግሞ! ያን ቀን ሰክረህ አልነበር እንዴ?"

"ብሰክርም ከአንቺ እሻላለሁ። አንቺ ሳንድዊች ላይ ቅቤ ስትቀቢ ነበርሽ።"

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ማቪስ፣ ወንድምሽ አይደል? ደውይለትና ጠይቂው።" ቁጥርህ የለኝም አልኳቸው። ቁጥርህ አለኝ፤ ድምፅህን መስማት አስጠልቶኝ ነው። "ደግሞም ንግግሩ የእሱ አይደለም፤ ከትያትር የተወሰደ ነው" ስላቸው አልፍ ሻዩ ትን አለው። "ክሊፍ? እንባ በዓይኑ ሞልቶ ከልቡ ነው የተናገረው!" አለኝ።

እንባህን እኔም አይቼዋለሁ። በልምምዱም ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ ነበር የምታቀርረው።

አድማው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ክረምት የግቢው የትያትር ቡድን አንድ የቆየ ትያትር ያጠና ነበር። አንተ የጦር አለቃው ነበርክ፤ ሬጂ የእንጨት ጦር ይዞ ከኋላህ የሚቆም፣ አንድም ቃል የሌለው ወታደር። እኔ ከግራጫ ብርድ ልብስ ካባ እሰፋ ነበር። ትያትሩ የሚያልቀው በአንተ ንግግር ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። የትያትሩን ስም ግን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። አዘጋጁ ሚስተር ፒም መጽሐፎቹን ከቤተ መጻሕፍት በውሰት አምጥቶ ነበር፤ አድማው ሲመጣ አዳራሹ ተዘጋ፣ ትያትሩም ሳይታይ ቀረ፣ መጽሐፎቹም ተመለሱ። እሱም ከሞተ ቆየ።

ለምን እዚህ ድረስ ለፋሁ? ሬጂ ባለፈው ኅዳር አረፈ፤ የሐዘን ካርድ ልከህ ነበር፣ ደርሶኛል። በመጨረሻው ሰሞን ሳንባው አልሠራ ብሎት ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ያንን ንግግር ይል ነበር። እኔ ሾርባ ሳቀርብለት እሱ ያንተን ንግግር ይመልስልኛል። ግማሹ እየጠፋበት ይናደዳል። "ከዚህ በኋላ ምን ነበር ማቪስ? ክሊፍ ምን ነበር ያለው?" እኔም ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። በስሙ ላይ የሚቀረጸው ቃል እንዳይጎድል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቤተኒ የምትባል ልጅ አለች፤ ፀጉሯን አረንጓዴ ተቀብታለች፣ ልቧ ግን ወርቅ ነው።

"ንጉሥ አለበት?" አለችኝ።

"የለም፣ የጦር አለቃ ነው። ድልድይ አለ፣ ዝናብም አለ።"

"መጨረሻው ላይ ስንት ሰው ይሞታል?"

"እኔ እንጃ የኔ ልጅ፤ መጋረጃው ተከፍቶ አያውቅም።"

"ድልድይና የጦር አለቃ ያለበት ትያትር እኮ መዓት ነው፣ ሆዴ። እስቲ የምታስታውሺውን በይልኝ።"

እዚያው ቆሜ ሬጂ ይለው እንደነበረው አልኩት። ጋዜጣ የሚያነቡት ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ፤ አንዱማ አጨበጨበልኝ። ቤተኒ ምድር ቤት ወርዳ በሲባጎ የታሰሩ መጽሐፎች ይዛ እየመጣች መለሰች፣ እየመጣች መለሰች። በመጨረሻ አንዱን ገልጣ ጣቷን አስቀመጠችልኝ።

"ዝናቡን አትስሙት፤ ማን እንደቆመ ጭቃው ይመስክር። ዛሬ በዚህ ድልድይ ላይ የቆመ፣ ነገ በልጁ ፊት አንገቱን አይደፋም። ወንድሞቼ፣ ሁላችሁ ጥላችሁኝ ብትሄዱ እንኳ እኔ የመጨረሻው ሰው ሆኜ እዚህ እገኛለሁ!"

አለቀስኩ ክሊፍ። ከሬጂ የጠፋችው "አንገቱን አይደፋም" የምትለዋ ነበረች። አንተ የለወጥከው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ድልድዩን በር አደረግከው። ከዚያ ገጹን ገለበጥኩት።

ወታደሮቹ እየጮኹ ይወጣሉ። የጦር አለቃው ከአሽከሩ ጋር ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ይላል፦ "ፈረሴን በጓሮ በር አውጣልኝ። ሳይነጋ ወንዙን መሻገር አለብኝ።" መጋረጃ።

የቡድናችሁን ወግ ያን ጊዜ አስታወስኩት። የትያትር የመጨረሻ መስመር ሕዝብ ሳይቀመጥ ከተነገረ ክፉ ዕድል ያመጣል ብላችሁ በልምምድ አትናገሩትም ነበር። አንተ እዚያ ስትደርስ ባርኔጣህን አንስተህ እጅ ትነሳለህ፣ እኛም እናጨበጭባለን። መጽሐፍ የነበራችሁ እናንተ ተናጋሪዎቹ ናችሁ። ባለጦሮቹ ቃል ስለሌላቸው መጽሐፍ አልተሰጣቸውም። ሬጂ የሚከተለው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ከኋላህ ቆሞ ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ከዓለም ንግግር ሁሉ መርጠህ ለተራቡ ሰዎች የሰጠሃቸው ያንን ነው።

ከዚያ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አንተ ፈረስ አላስፈለገህም፤ አድማ የተመታበት ኩባንያ ራሱ ታክሲ ላከልህ። ወንዶቹ በሩ ላይ በዝናብ ሲበሰብሱ አንተ በደቡብ፣ ኩባንያው በሰጠህ የአለቅነት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር። ሬጂ ግን ምን ይል ነበር መሰለህ? "ክሊፍ ለንደን የሄደው ድጋፍ ሊያሰባስብልን ነው።" ሰው ሲያማህ ይጣላ ነበር። አድማው ከተሸነፈ በኋላ በዚህ ወንዝ ዳር ያለ አሠሪ ሁሉ በሩን ዘጋበት፤ እስኪያረጅ ገበያ ሲጠርግ ኖረ። አንድም ቀን በአንተ ላይ ክፉ አልተናገረም። እኔ በእሱ ፋንታ እጠላሃለሁ። እሱ ያልጠላህን ጭምር።

መጽሐፉን ይዤ ዶሪን ቤት ሄድኩ። አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግታ ወደ እኔ ገፋችው።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ምን ይደረግ?" አለችኝ።

"ቃሉን እንተወው። ድንጋዩ ላይ ስማቸው ብቻ ይጻፍ።"

"እንዴት ይሆናል ማቪስ! የኔው ሰውዬ በዚያ ቃል ነው ብርዱን የቻለው። ያንቺው ሬጂስ? ማንም አታላይ ይናገረው፣ የቆሙበት እነሱ ናቸው። ወንድምሽ ሌላውን ሁሉ ወስዶባቸዋል። ይቺን ደግሞ አንቺ ልትወስጂባቸው ነው?"

መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስለዚህ ቃሉ ይቀረጻል። ያንተ ስም ግን አይገባበትም፤ ድንጋይ ጠራቢውን ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ኮሚቴው መጥተህ እንድታነበው ሊልክልህ የነበረው ጥሪም ተሰርዟል። አትምጣ። አልፍ "ክሊፍ የት አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ዶሪን ትነግረዋለች፤ እኔ አፌን አላበላሽም።

የማነበው እኔ ነኝ። ሬጂ የሚያውቀው ንግግር ሲያልቅ አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የጓሮ በር ያንተ ነው።

እህትህ፣
ማቪስ