ልጄ ያስቀረችብኝ መኪና

ማክሰኞ፣ መስከረም 14
ጫማ ገዛሁ። ሶሉ ስስ፣ ለመንዳት የሚመች። መኪናዋ ሳትመጣ ጫማው ቀደመ... ባለቤቴ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳዋልድ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ለራሴ ቀይ ስፖርት መኪና አዝዣለሁ። ባለ ሁለት ወንበር። ሰው ምን ይላል? የፈለገውን ይበል።

ዓርብ፣ መስከረም 24
መኪና ሻጩ ደወለ። ገና "እትዬ" ሲል ገባኝ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እኔም በሥራዬ ስንቴ ተጠቅሜበታለሁ። ትእዛዜ ተሰርዟል። አዲስ የጭስ ደንብ ወጥቶ የዚያች መኪና ጭስ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው መላኩን አቁሟል። ሌሎቹ ፋብሪካዎችስ? አልኩት። እነሱም ወይ አቁመዋል፣ ወይ ዋጋቸው አይቀመስም።
ራት አልበላሁም። ለመኪና? አዎ፣ ለመኪና።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25
ልጄ መጣች። የምትሠራው የጭስ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነው። መኪናውን አስረው፣ ጎማውን ባለበት እያሽከረከሩ ከኋላው የሚወጣውን ይለካሉ። ደንቡ የወጣው በነሱ ልኬት ነው። ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ... መኪናዬን አስቀረችብኝ። ባለቤቴ ሳቁ ሲያመልጠው ጓዳ ገባ።
"እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?" አልኳት።
"የመሥሪያ ቤት ምስጢር ነው እማዬ። ላንቺ ከነገርኩ ለሁሉም መንገሬ ነው።"
"እኔ ሁሉም ነኝ?"
ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
የድሮ ሥራ ባልደረቦቼን ልጠይቅ ሄድኩ። ማዋለጃ ክፍላችን አውራ ጎዳና ዳር ነው። በዚያ ሙቀት መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል... ጭሱ እንዳይገባ። እኔም ስንት ዓመት እንዲሁ ዘግቼ ነው ያዋለድኩት። ልጄ ልክ ናት። የሚያናድደው ልክ መሆኗ።
ስመለስ ደወልኩላት። ስለ መኪና አንድም ቃል አላነሳንም። ስለ ጉንፋኗ አወራን።

እሑድ፣ ኅዳር 22
ሻጩ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና እንድሞክር ጋበዘኝ። ስትነሳ ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጣበቀችኝ። ጎበዝ ናት። ግን ማርሽ የላትም፤ ቀኝ እጄ ሥራ ፈትቶ ዋለ። አመስግኜ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
ጠዋት ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ አሁኑኑ ለሻጩ ደውይለት።" ሌላ ምንም አላለችም።
ደወልኩ። ለካ ፋብሪካው ለዚያች መኪና ትንሽ ሞተር ገጥሞላት የጭስ ፈተናውን አልፋለች! ዜናው ይፋ የሆነው ዛሬ ጠዋት ነው። የሚመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ፋብሪካው የሚመዘነው በሚሸጣቸው መኪኖች ሁሉ አማካይ ጭስ ስለሆነ፣ ስፖርት መኪና ካበዛ ልኩን ያልፋል። ቀዮቹ ተይዘዋል። አንዲት ቢጫ ቀርታለች። ቢጫ አልወድም... ወሰድኳት።
መልሼ ለልጄ ደወልኩ።
"የፈተንሻት አንቺ ነሽ?"
"መጀመሪያ ወድቃ ነበር እማዬ። ላንቺ ስል ላሳልፋት አልቻልኩም። ሁለተኛ ስትመጣ ግን ራሷ አለፈች።"
ስንት ወር ሙሉ በልቧ ይዛው... እኔ ደግሞ አኩርፌያት። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ ስለ ጉንፋኗ ጠየቅኳት። ገብቷት ሳቀች።

እሑድ፣ መጋቢት 14
መጣች! ሽልጦ የምታህል መኪና። ልጄን አስቀድሜ አሳፈርኩ። ከከተማ ወጥተን ማርሽ ስለውጥ ያቺ ቁጥር ብቻ የምታወራ ልጄ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። "ጨምሪ እማዬ" ትለኛለች። እሷ! ያን ሁሉ ዓመት የት ነበርን?
ከሷ ቀጥሎ ባለቤቴ። ሞቼ ነው ቆርቆሮ ውስጥ የምገባው ሲል ከርሞ፣ ለሰልፍ የቆመ ይመስል በር ላይ ይጠብቀናል። ገባ። ዞርን። ችግሩ መውጣቱ ላይ መጣ። ወንበሩ መሬት ለመሬት፣ ጉልበቱ እንቢ፣ ሆዱ እንቅፋት። አይዞህ፣ ሙያዬ ነው አልኩት። መጀመሪያ ጭንቅላቱ ወጣ፣ ከዚያ አንዱ ትከሻ... በረጅሙ ተንፍስ፣ አሁን ግፋ። ልጄ በሾፌሩ በር ገብታ ከኋላ እየገፋች፣ እኔ እየተቀበልኩ፣ ሦስታችንም በሳቅ ሞተን በሰላም ተገላገልን።
ሱሪውን አራገፈ። ነገ ስንት ሰዓት እንደምንሄድ ጠየቀኝ።