የሻንጣ ክርስትና አባት

ሴፕቴምበር 17

ሙቀት። አውቶቡሱ እንደወትሮው ዘገየ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። "ኔሪዳ ቪላ… ቪላ… ወደ ቢሮ ትምጣ።" ኔሬይዳ ቪላልፓንዶ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ግማሹ ከተማ ቪላልፓንዶ ነው እኮ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ሄድኩ…

ምንም አላጠፋሁም ለካ። ባለፈው ዓመት በተፈተንነው ፈተና ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ሂስፓኒክ፣ ማለትም እንደኛ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ለተወለዱ፣ ተማሪዎች "እውቅና" ተሰጠ አሉ። አምስት ነን። ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ወረቀት አስያዙንና ዋንጫ መደርደሪያው ስር ገትረው ፎቶ አነሱን። የተማሪዎች አማካሪዋ ሚስ ሆብስ "ፈገግ በሉ እንጂ፣ ኩራታችን ናችሁ!" ትላለች። ኩራታችን! ሦስት ዓመት ሙሉ በቢሮዋ በር ሳልፍ ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም።

"ከወረቀቱ ጋር ምን አለ?" አልኳት።

"ክብር አለዋ!"

ክብር። እሺ።

ሴፕቴምበር 18

እማዬ ወረቀቱን ፍሬም ውስጥ አስገባችው። ሳሎን፣ በጓዳሉፔ እመቤታችን ሥዕልና በሟቹ አያቴ ፎቶ መሃል ሰቀለችው። አያቴ ተኮሳትሮ እያየው ነው። እሱ እንኳን ገብቶታል።

ሴፕቴምበር 23

ሚስ ሆብስ ዘንድ ገባሁ። ሰሜን ስላለው ዩኒቨርሲቲ ነገርኳት። በመኪና የስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ የውሃ ምህንድስና መማር የምፈልገው እዚያ ነው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ፣ የታመመ ድመት እንደምታይ።

"የኔ ማር፣ እዚሁ ከተማችን ያለው ኮሌጅስ? እናንተ እኮ ቤተሰብ ትወዳላችሁ።"

እናንተ! እሷ ቤተሰቧን አትወድም ይሆን? ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር… ዋጥኩት።

የሚያበግነኝ አባዬም የሚለው ይህንኑ መሆኑ ነው። "ሴት ልጅ ከዚህ ቤት የምትወጣው ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነው።" አንዷ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ አንዱ የሽንኩርት መኪና እየነዳ፣ ያው አንድ ዘፈን። ልዩነቱ እሷ ሽቶ መቀባቷ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 4

ጉድ ፈላ። እማዬ ለአበልጇ ለዶኛ ቼሎ በስልክ "ልጄን እኮ ዩኒቨርሲቲ ጠራት" ስትል ሰማኋት። እስክትዘጋው ጠበቅኩ።

"እማዬ፣ ማንም አልጠራኝም። ገና አላመለከትኩም! ይሄ ባዶ ወረቀት ነው።"

"እሺ፣ እሺ። ሽንኩርት ክተፊ።"

ቀኑን ሙሉ ማሸጊያ ቤት ሽንኩርት ስትለቅም ውላ ጭንቅላቷ… ይቅር። አልጨርሰውም።

ኦክቶበር 11

ባሰ። ድግስ ሊደገስ ነው! እማዬ ልክ እንደ አስራ አምስተኛ ዓመት ልደቴ ክርስትና አባትና እናት እየመለመለች ነው። ያኔ የኬክ ክርስትና እናት ነበረችኝ፣ የጫማ ክርስትና አባት፣ የአኮርዲዮን ክርስትና አባት ሳይቀር። ወጪውን ይካፈላሉ፣ ከእማዬና ከአባዬ ጋር አበልጅ ይሆናሉ። ጥሩ። ግን ለዩኒቨርሲቲ?! ዶኛ ቼሎ የብርድ ልብስ ክርስትና እናት ሆናለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የድስት። የሻንጣውስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዶን አቡንዲዮ! የአባዬ አለቃ፣ የመኪኖቹ ባለቤት። እማዬ የማሸጊያ ቤት ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ ቢሮአቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር እምቢ አይባልም።

የትም ለማትሄድ ልጅ ሻንጣ። ስሙ ኔሬይዳ የሆነ ቀልድ።

አባዬ? "ይጥሯት። እሷ አትሄድም" ብሎ እራቱን በላ። ድግሱን ግን አልጠላውም። ሰው "ልጅህ ጎበዝ ናት" ሲለው ደረቱን ይነፋል።

ኦክቶበር 22

ሚስ ሆብስ ፎቶአችንን አሳድጋ ዋናው በር ላይ ሰቀለችው። "የነገ መሪዎች" ይላል። ዓይኔ ተጨፍኗል። ለዩኒቨርሲቲው አላመለከትኩም። ለምን ብዬ? ብገባስ ማን ይለቀኛል?

ኖቬምበር 9

ድግሱ ትናንት ነበር። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ታማሌ፣ አኮርዲዮን፣ የሚጯጯሁ ሕፃናት። ሚስ ሆብስም ተጋብዛ መጣች። ታማሌውን ከተጠቀለለበት ከማይበላው የበቆሎ ቅጠል ጋር ነከሰችው። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። ሁለተኛም ደገመች።

ከዚያ ስጦታ። ክርስትና አባቶቹና እናቶቹ በየተራ እየተነሱ ለአባዬ ይሰጡታል፣ እሱ ለእኔ ያቀብለኛል። ወጉ እንዲህ ነው፤ በአባት እጅ ያላለፈ ስጦታ አይቆጠርም። ብርድ ልብስ… ድስት… አባዬ ፈገግ እንዳለ ነው። ዶን አቡንዲዮ ተነሱ። ትልቅ ቀይ ሻንጣ። አኮርዲዮኑ ቆመ።

"አበልጄ ኤሊሴዎ፣ ልጃችን በዚህ ትሄዳለች። መቼ ነው የምንሸኛት?"

አበልጄ! ያለወትሮው። ከዚያ በፊት "አንተ" እና "ቶሎ በል" ነበር የሚሉት። አባዬ ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አላቀበለኝም። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ቢከለክለኝ ሻንጣውን ለአለቃው፣ ብርድ ልብሱን ለቼሎ፣ ድስቱን ለጋጋሪው ሚስት መመለስ አለበት። የአበልጁን ስጦታ የመለሰ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ሰላም የሚለው አያገኝም። ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ቀና አላለችም፣ ለአንድ ሕፃን ታማሌ እየፈታች ነበር።

"ኦገስት" አለ በመጨረሻ። "ኦገስት ላይ። የማደርሳትም እኔው ነኝ።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሻንጣውን ሲያቀብለኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ "ጎማው አይረባም" አለኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ሰው ሁሉ በደስታ መሰለው። በፍርሃት ነው እንጂ… ማን ጠራኝና?

ዛሬ ጠዋት ከእማዬ ጋር ድስት ስናጥብ ተነፈስኩ። "ምን አደረግሽኝ? ስንቴ ልንገርሽ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው!"

እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ባዶ እንደሆነማ አውቃለሁ። አባትሽ ግን አያውቅም። በይ አሁን እውነት አድርጊው።"

እንዲህ ስትለኝ ያነሳሁት ድስት ከእጄ ወደቀ። ሁለት ወር ሙሉ እሷን ሞኝ ነች እያልኩ እዚህ ደብተር ላይ… ሞኟ ማን ኖራለች?

ኖቬምበር 10

አመለከትኩ።

ጃንዋሪ 30

ዶኛ ቼሎ ባየችኝ ቁጥር "ብርድ ልብሱ አነሰ እንዴ? ሌላ ልጨምር?" ትላለች። ባይቀበሉኝስ? ወንዙ ውስጥ ነው የምገባው። ውሃ መማር ፈልጌ የለ…

ማርች 27

ተቀበሉኝ! ሙሉ ወጪዬን ችለው። ለእማዬ እየጮህኩ ነገርኳት። "ምኑን ለሰው እናገረዋለሁ እንግዲህ? በኦክቶበር ተናግሬ ጨርሻለሁ" ብላ ሳመችኝ። ጉንጯ እርጥብ ነበር።

ሚስ ሆብስ ኮሪደሩ ላይ እጇን ዘርግታ "ብዬሽ አልነበር!" አለችኝ። ምን ነበር ያልሽኝ? ምንም። ስሜን ደግሞ ዛሬም ሳትችለው ቀረች።

አባዬን ጓሮ አገኘሁት። ቀዩን ሻንጣ ገልብጦ ጎማውን ግራሶ ይቀባል። አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኖቬምበር 26

ከዩኒቨርሲቲ ለምስጋና በዓል ቤት ገባሁ። ሻንጣው እየተንሸራተተ መጣ፣ አንድ ድምፅ የለውም።

ዘንድሮ ወርቃማ ጠርዙን ያገኘችው የዶኛ ቼሎ ልጅ ማሪቤል ናት። ሚስ ሆብስ "እዚሁ ከተማችን ያለው ኮሌጅስ?" ብላታለች። አባቷም ነጭ ቀሚስ ብሏል። ዶኛ ቼሎና እማዬ ትናንት የወጥ ቤቱን በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ዋሉ። ዛሬ ጠዋት ዶኛ ቼሎ መጥታ እጄን ያዘች። "ለማሪቤል የሻንጣ ክርስትና እናት ሁኚልኝ።"

እኔ! እሺ አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር እምቢ አይባልም። ቀዩን ሻንጣ አራግፌ ጠረግኩት። ቅዳሜ ድግሷ ላይ ለአባቷ አስረክበዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማሪቤል ለድግሱ ሽንኩርት ልትከትፍ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ በሽንኩርቱ አይደለም። ቢላዋውን ጣለችው።

"ኔሬ፣ እናቴ እኮ ለይቶላት አብዳለች! ለከተማው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተጠራች እያለች ነው። ማን ጠራኝ? ገና አላመለከትኩም! ያ እኮ ባዶ ወረቀት ነው!"

እማዬ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ።

"እሺ፣ እሺ" አልኳት ማሪቤልን። "ሽንኩርት ክተፊ።"