ፎርሙ ላይ ቦታ ያጣው የሐኪም ወረቀት

ለተከበሩ የሩጫ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ በተለይም ልብዎን ደህና ሆኖ እንዲያገኘው እመኛለሁ። እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ባለፈው ውድድርዎ ከሁሉም ኋላ ይሮጥ የነበረው አናጢ ሚስት ነኝ።

ከአሥራ አራት ወር በፊት ከባለቤቴ ልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተቀድዶ፣ ሐኪሞች ደረቱን ከፍተው ጠገኑት። ወደ ሩጫ ካልተመለስኩ አልዳንኩም ብሎ አላስቀምጥ ሲላቸው፣ ከማንም ሳይፎካከር፣ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻለ ድረስ ብቻ ፈቀዱለት። ስለዚህ እኔ በብስክሌት እከተለዋለሁ፣ እሱ ያወራልኛል፤ ወሬው ሲያጥር ደወል እመታለሁ፣ እሱም መራመድ ይጀምራል። የሰፈራችንን ሐሜት በሙሉ የማውቀው በሐኪም ትእዛዝ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. የልብ ሐኪሙን ደብዳቤ ይዘን ስንመጣ ጸሐፊዎ «እኅቴ፣ ፎርሙ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም» ብለው አጥፈው ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። ሰልፉ እንዳይረዝም «ጤንነቱ ተረጋግጧል» የሚለው ማኅተም ጠዋት ጠዋት በባዶው ፎርም ሁሉ ላይ እንደሚመታ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ በእርስዎ ዘንድ ግን ማኅተሙ ሳያይ ይፈርዳል።

፪. ከኋላ ለሚከተለው መኪናዎ፣ በተለይም ድምፅ ማጉያ ለያዘው ወጣት ምስጋናዬ ይድረሰው። «አባባ ኤሊ፣ መንገዱ ይከፈት እንጂ!» ሲል ሕዝቡ ሳቀ፤ ባለቤቴም ወንድ ነውና ፈጠነ። ብስክሌቴን ስለከለከላችሁኝ ከገመዱ ውጪ እየሮጥኩ «ጎረቤታችን ልጇን ዳረች ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሙሽራዋን ጫማ ሳይቀር ይተርክልኝ ነበር። ክቡርነትዎ፣ ያቺን አንድ ቃል ስሰማ ገመዱን ዘልዬ ክንዱን ይዤ አስቀመጥኩት። ስፌት ሥራዬ ነው፤ የተጠገነ ልብስ ካልጎተቱት ብዙ ዘመን ይለበሳል።

፫. «የውድድሩን ሥርዓት አውከሻል» የሚለው ማስጠንቀቂያዎም በክብር ደርሶኛል። ባለቤቴ አነበበው፣ ሳቀብኝ፣ ለሚመጣው ወር ውድድርም ተመዘገበ።

የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ አንድ ሰው የሐኪሙን ወረቀት ያንብበው፣ መኪናው ዝም ይበል፣ እኔም ከነብስክሌቴ ከኋላው እንድሄድ ይፈቀድልኝ። እንዳይሮጥ ልከለክለው አልችልም፤ ከአልጋው ያነሣው ሩጫው ነው። ነገር ግን እፈራለሁ፤ ፍርሃቴን የሚካፈለኝም አላገኘሁም።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጆሮዎም ፈውስ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሳ፣

የመጨረሻው ሯጭ ሚስት

ማስታወሻ፦ የመሥሪያ ቤትዎን ጥንቃቄ ለማየት ባለፈው ሰኞ በባለቤቴ አባት ስም ፎርም ሞልቼ ነበር። በዚያው ቀን ቁጥር 412 ተሰጥቷቸዋል፤ ጤንነታቸውም ተረጋግጧል። አማቴ በዚሁ የደም ሥር መቀደድ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። በውድድሩ ዕለት ቢዘገዩ፣ እባክዎ መኪናው አይጩህባቸው።